የሮም ቄራ

ይህን ገጽ ከሦስት ዓመት በላይ በዝምታ ነው የማነበው። ሌሊት ሥራ ጨርሼ ጋደም ስል የናንተን ታሪክ እያነበብኩ አልቅሼም አውቃለሁ፣ ብቻዬን ስቄም አውቃለሁ። ዛሬ የኔን ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። የኔ የዱላ ታሪክ አይደለም፣ ስለ ፓስታ ነው። አትሳቁብኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አድሚን፣ ስሜን እንዳታወጪ አደራ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት ቄራ አካባቢ ነው። እናቴ ጨጓራና አንጀት እየገዛች፣ አጥባ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ኩዌት የመጣሁት ልጄ ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ ሁሉንም አንድ ቤት ነው የሠራሁት። ቤቱ ውስጥ ባባ፣ ማማ፣ የባባ እናት ትልቋ ማማ እና ሦስት ልጆች አሉ። ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። አይመቱኝም፣ ደመወዜንም ይከፍሉኛል። ግን እኔ የምበላው እነሱ በልተው ከተነሱ በኋላ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ቆሜ ነው። ሬስቶራንት ሲሄዱ አብሬ እሄዳለሁ፣ ግን ልበላ ሳይሆን ትንሹን ልጅ ልይዝ ነው። ጋሪውን ይዤ በር ላይ ወይ ግድግዳ ጥግ እቆማለሁ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ማማ የጣሊያን ምግብ ነፍሷ ነው። ቪዲዮ በስልክ ትልክልኛለች፣ እኔ እያየሁ እሠራለሁ። ፌቱቺኒ አልፍሬዶ በክሬምና በዶሮ፣ ፔኔ በሮዝ ስጎ፣ ላዛኛ፣ ሁሉንም ተማርኩ። ልጆቹ የኔን ፓስታ ካልሆነ አንበላም ማለት ጀመሩ። እንግዳ ሲመጣ ማማ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ትላለች። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ በቃ። በልቤ ግን የጣሊያን ምግብ አዋቂ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

ካቻምና በነሐሴ ለዕረፍት ጣሊያን እንሄዳለን አሉ። እኔም አሻራ ሰጥቼ ቪዛ ወጣልኝ። ፓስፖርቴ ግን ባባ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሮም የገባነው ፍልሰታን ከያዝን ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ፍልሰታን አልፈታም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜው ነው ያደግኩት።

ከታክሲው መስኮት ስመለከት አንድ ዳቦ ቤት ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት፣ «ፎርኖ» ይላል። ወይ ጉድ! ፉርኖ ዳቦ የምንለው ለካ ከዚህ ነው የመጣው። ሹፌሩ ሻንጣችንን አውርዶ ሲሄድ «ቻው» አለን። እኔም ሳላስበው «ቻው» ብዬ መለስኩ። ማማ ዞር ብላ «ጣሊያንኛ ትችያለሽ እንዴ?» አለችኝ። «አገሬ ላይ ሁሉም ሰው ቻው ነው የሚለው» አልኳት። አላመነችኝም።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ትልቁ ፏፏቴ ካለበት አደባባይ አጠገብ አንድ ሬስቶራንት ገባን። አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ በዐረብኛ «አህለን! ሐላል! ሐላል!» እያለ ይጣራል። ሜኑው እንደ ቁርዓን ወፍራም ነው ልላችሁ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ስልክ ማውጫ ወፍራም ነው ልበል። በስድስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ሁሉም ምግብ ፎቶ ያለው። ልጆቹ አልፍሬዶ በዶሮ አዘዙ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። እኔ ጋሪውን ይዤ ግድግዳው ጋ ቆሜ ሳህኑን አየሁት። ክሬሙ ረግቷል፣ ፓስታው ላልቶ ተጣብቋል። ልጆቹ አንድ ጊዜ ጎርሰው ገፉት። ባባ ዓሣ ነበር ያዘዘው። ሜኑው ላይ ያየው ዋጋ ለዓሣው ሳይሆን ለ100 ግራም ነበር። ሒሳቡ ሲመጣ ፊቱ ተለዋወጠ። ያልነካነው ዳቦ ሳይቀር ተቆጥሯል። አሳላፊው ትከሻውን ሰበቀና ሄደ።

በማግስቱም ሌላ ቦታ፣ ያው ነው። ልጆቹ «የሷን ፓስታ ነው የምንፈልገው» ብለው አለቀሱ። ሆቴሉ ደግሞ ማብሰያ የለውም። ማማ ተናደደች፣ ንዴቷም እንደለመደችው ወደኔ መጣ። «ልጆቹን አንቺ ነሽ ያበላሸሻቸው!» አለችኝ። ትልቋ ማማ ደግሞ ክሬሙ ሆዷን ነክቷት ሌሊቱን ስትቃትት አደረች። እኔ እነዚያን ሁለት ቀናት በሙዝና በዳቦ ነው የዋልኩት። በጣሊያን አገር፣ ፓስታ በሞላበት ከተማ!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትንሹን ልጅ ይዤ ሆቴሉ አጠገብ ያለው ትልቅ መናፈሻ ሄድኩ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ ሴትዮ አየሁ። ነጠላ አልለበሱም፣ ግን በቃ ሐበሻ ናቸው፣ አይጠፋም እኮ። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ዓይን ለዓይን ተያየንና «ሐበሻ ነሽ?» አሉኝ። ከእናቴ ሌላ እንደዚያ ያቀፈኝ ሰው አላስታውስም።

በፈረንጅ 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ በ19 ዓመታቸው ነው ሰው ቤት ሊሠሩ የመጡት። «እዚህ አገር ሰው ቤት ለመሥራት ከውጭ ከመጡት ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ እኛ አለንበት» አሉኝ። ልጅ ጠብቀዋል፣ ምግብ ሠርተዋል፣ አሁን ደግሞ አሮጊት ይጦራሉ። አማርኛቸው የትግርኛ ለዛ አለው። ምን በላሽ ሲሉኝ ሙዝና ዳቦ አልኳቸው። እየጾምኩ መሆኑን፣ ልጆቹ እምቢ ማለታቸውን፣ የባባን ዓሣ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በር ላይ ቆሞ ሰው የሚጣራ ቤት አትግቡ። ምግቡ ጥሩ ከሆነ ለምን ይጣራል? ፎቶ ያለው ሜኑም ተዪው። ጥሩ ቤት ሜኑው አንዲት ወረቀት ናት፣ አንዳንዴም በእጅ የተጻፈች። ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ ቤትም ተጠራጠሪ። የሰፈር ቤት ምሳ ያበላና ከ9 ሰዓት በኋላ እሳቱን ያጠፋል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው መልሶ የሚከፍተው። ደግሞ ፓስታ ላይ ዶሮ ጣል የሚያደርግ ጣሊያናዊ የለም። ዶሮ ካየሽ ለቱሪስት ነው።»

«አልፍሬዶስ?» አልኳቸው፣ ደንግጬ። አራት ዓመት ስሠራው የኖርኩት ነዋ!

«አልፍሬዶ የሚባል ሰው እዚሁ ሮም ነበረ፣ እውነት ነው። የሱ ግን ቅቤና አይብ ብቻ ነው፣ ክሬም የለውም። ክሬሙ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የተጨመረው። ካርቦናራም ክሬም የለውም፣ እንቁላልና የበግ ወተት አይብ ነው። ግን እሱን ለሰዎችሽ እንዳታዢ፣ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለበት። አማትሪቻናም እንዲሁ። ለነሱ የምትይው ካቾ ኤ ፔፔ ነው። አይብ፣ ቁንዶ በርበሬና ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ፣ ሌላ ምንም የለውም።»

ደሞ ወቅቱን አይተሽ እዘዢ አሉኝ። የሮም ካርቾፊ፣ አበባ የሚመስለው አትክልት፣ የሚበላው ክረምታቸው ሲያልቅና በጸደይ ነው። በነሐሴ ትኩስ ካርቾፊ አለኝ የሚል ቤት ከፍሪጅ ነው የሚያወጣው። ለምን ጥሩዎቹ ቤቶች እንደጠፉብንም ነገሩኝ። እኛ ነሐሴ 16 የምናከብረውን የእመቤታችንን ዕርገት እነሱ ኦገስት 15 ነው የሚያከብሩት፣ በኛ ነሐሴ 9 መሆኑ ነው። ፌራጎስቶ ይሉታል። ያን ሰሞን የሰፈር ሬስቶራንት ሁሉ በሩ ላይ «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከተማው ላይ የሚቀረው ቱሪስት የሚጠብቀው ነው።

«ግን አንድ ቤት አለ፣ ለበዓሉ ዘግቶ አሁን ተከፍቷል። ቴስታቾ ይባላል ሰፈሩ። ድሮ የሮም ቄራ ነበረ።»

«ቄራ?» አልኩ።

አዎ ቄራ። የበሬው ሥጋ በአራት ይከፈላል፣ ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ። እሱ ለሀብታም፣ ለቤተ ክህነት ሰው፣ ለወታደር ይሄዳል። የሚተርፈው ጭራው፣ ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ ጉበቱ ነው፤ እሱን «አምስተኛው ሩብ» ይሉታል። ለአራጆቹ ከደመወዛቸው ጋር ይሰጣቸው የነበረው እሱ ነው። ሚስቶቻቸውና የሰፈሩ ምግብ ቤቶች ጭራውን በቲማቲም፣ ጨጓራውን በናናና በአይብ አሳምረው ሠሩት። ቄራው እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘጋ። ምግቡ ግን ቀረ፣ ዛሬ የሮም ምግብ ተብሎ ከሚታወቀው ውስጥ አንዱ እሱ ነው። ይሄን ሲነግሩኝ እናቴ ታየችኝ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እጇ ቀልቶ፣ ጨጓራ ስታጥብ። ሀብታም ያልፈለገውን እሷ ዱለት አድርጋው ሰው ጣቱን ሲልስ።

ሴትዮዋ ስልካቸውን አወጡ። «ልደውልላችሁ፣ ነገ ዓርብ ነው። ሮማውያን ሐሙስ ኞኪ፣ ዓርብ ዓሣ ወይ ሽምብራ፣ ቅዳሜ ጨጓራ ነው። እኛ ረቡዕና ዓርብ እንደምንለው ልማድ አላቸው። ነገ ሽምብራ በፓስታ ይሠራሉ፣ ለጾምሽ ይሆንሻል። ስንት ሰው ናችሁ?»

«ስድስት» አልኳቸው።

«አንቺን ጨምሮ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ አዩኝ። ከዚያ በጣሊያንኛ «ለሰባት ሰው» አሉ። ሴቴ ማለት ሰባት መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ሦስት ነገር ደግሞ አስጠኑኝ። ሴንዛ ፎርማጆ፣ ያለ አይብ። ሴንዛ ማያሌ፣ ያለ አሳማ። ሴንዛ ቪኖ፣ ያለ ወይን። ወደ ሆቴል ስመለስ መንገዱን ሙሉ እንደ ዳዊት ስደግመው ነበር።

አሁን ማማን ማን ይንገራት? በቀጥታ ብነግራት እምቢ እንደምትል አውቃለሁ። ለትልቋ ማማ ነገርኳት። ሽምብራ አለ፣ ክሬም የለውም፣ ሆድሽን አይነካም አልኳት። ትልቋ ማማ ሽምብራ ስትሰማ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ነገ እዚያ ነው የምንሄደው» አለች፣ አለቀ። በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የሷ ነው።

ዓርብ ባባ ትልቁ መስጊድ ጁምዓ ሰግዶ ቀጥታ እዚያው መጣ። እኛ በሁለት ታክሲ ሄድን። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ጉብታ አለ። የአፈር ኮረብታ ይመስላል፣ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የዘይት እንስራ እየተሰበረ የተጣለበት ነው፣ ሙሉው ገል ነው። ቤቷ ትንሽ ናት። በሩ ላይ የሚጣራ የለም፣ ሐላል የሚል ጽሑፍም የለም። ውስጥ ግን በሥራ ልብስ የለበሱ፣ ቀለም እጃቸው ላይ የደረቀባቸው ሰዎች ተሰብስበው ይበላሉ። ማማ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ የሠራተኞች ቤት ነው» አለች። እውነቷን ነው።

ባለቤቷ በዕድሜ የገፋች ወፍራም ሴት ናት፣ ሽርጥ ታጥቃለች። በጣቷ ቆጠረችን፣ ሰባት። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ሳህን ተቀምጧል። እኔ እንደልማዴ ጋሪውን ይዤ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ሴትዮዋ መጥታ ክንዴን ያዘችና ወንበር ሳበችልኝ። ማማ በእንግሊዝኛ «እሷ በኋላ ትበላለች» አለቻት። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ወይም አውቃ ዝም አለች፣ እንጃ። ወንበሩን እንደያዘች ቆመች። ሁሉም ዝም አለ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

ትልቋ ማማ ናት ዝምታውን የሰበረችው። «ግዕዲ» አለችኝ፣ ተቀመጪ። ባባ ሜኑው ላይ እንዳቀረቀረ ነው። ተቀመጥኩ።

ሜኑው አንዲት ወረቀት ነበረች፣ በጣሊያንኛ ብቻ፣ ፎቶ የለውም። ባባ አገላብጦ አየና «ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለ። ማንም አላወቀም። እኔ ቀስ ብዬ «ይሄና ይሄ አሳማ አለበት፣ ይሄ ጭራው በወይን ነው የሚሠራው፣ ለልጆቹ ይሄ ነው ጥሩው» አልኩ። ለሴትዮዋም ሴንዛ ማያሌ፣ ሴንዛ ቪኖ አልኳት። አሃ ብላ በእጇ ልቧን ነካች፣ የማይሆነውን በእርሳስ ሰረዘችልን። ማማ ታየኛለች። አራት ዓመት ሙሉ ስታየኝ ኖራለች፣ የዚያን ቀን ዓይነት አስተያየት ግን አይቼባት አላውቅም።

ምግቡ አምስት ደቂቃ አልመጣም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ለልጆቹ ካቾ ኤ ፔፔ፣ ለትልቋ ማማና ለኔ ሽምብራ በፓስታ፣ የኔ ያለ አይብ። ከአጠገቡ መራራ ቅጠል በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በደረቀ ቃሪያ የተጠበሰ። ልማላችሁ፣ የጾም ጎመን ነው! ሽምብራው ደግሞ የጥብስ ቅጠል ይሸታል፣ ወፈር ያለ ነው፣ ልክ ሽሮ ልትሆን ጥቂት የቀራት። ፓስታውን ስነክሰው መጀመሪያ ጥሬ መሰለኝ። እኛ አገር ፓስታ ድቅቅ እስኪል ነው የሚቀቀለው። ከዚያ ገባኝ፣ መሃሉ ላይ ጥርስን ትንሽ መያዝ አለበት። አል ዴንቴ የሚሉት እሱን ነው።

ልጆቹ ሳህናቸውን በዳቦ ጠርገው በሉ። ትልቁ ልጅ «እንደዚህ መሥራት ትችያለሽ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩት። ሒሳቡ ሲመጣ ባባ ሁለት ጊዜ አየው። ለሰባት ሰው የከፈለው ለዚያ ዓሣ ከከፈለው ያነሰ ነበር። ስንወጣ በሩ ላይ ያለችው ሰሌዳ ላይ የነገው ተጽፎ አየሁ፣ ሳባቶ ትሪፓ፣ ቅዳሜ ጨጓራ። ለኔ ጾም ነው፣ ለነሱ ደግሞ ሐላል አይደለም፣ ማናችንም አንቀምሰውም። ግን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላኩላት። «እማ፣ እዚህ አገር ያንቺ ሥራ በሰሌዳ ይጻፋል» አልኳት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ማማ ክፍሏ ጠራችኝ። «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። መናፈሻው ውስጥ ስላገኘኋቸው ሴትዮ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ምን አለችሽ? ጥፊ አለችሽ?» አለችኝ። በማግስቱ ብቻዬን እንዳልወጣ ከለከለችኝ። ሴትዮዋን ሳልሰናበታቸው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስልካቸውን አልተቀበልኩም፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ አልጠየቅኩም።

አንዳንዶቻችሁ «ለምን አልጠፋሽም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጓደኞቼም በስልክ እንዲያ ብለውኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስቤዋለሁ። ሴትዮዋንም ጠይቄያቸው ነበር። «ጥፊም አልልሽም፣ አትጥፊም አልልሽም» አሉኝ። «እኔ በወረቀት ነው የመጣሁት። ያለ ወረቀት የቀሩ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያደሩ ልጆች አይቻለሁ። የወጣላቸውም አሉ። የሚጠብቅሽን ሰው አስበሽ አንቺው ወስኚ።» እኔን የምትጠብቀኝ ልጄ ናት። የሰባት ወር ደመወዜም ማማ ጋ ተቀማጭ ነበር። ተመለስኩ። የቀረችውንም አልፈርድባትም፣ የተመለሰችውም አይፈረድባት።

ሆኖም ከዚያ ዓርብ በኋላ በቀሩት ቀናት፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባባ ማማን አይጠይቅም። ወደኔ ዞሮ «የት ነው ዛሬ?» ይላል። እኔም ሠራተኛ የሚበላበትን፣ ሜኑው አንድ ገጽ የሆነውን እየፈለግኩ አገኛለሁ። ትልቋ ማማ ባለችበት ወንበር ሁልጊዜ ነበረኝ። ትልቋ ማማ ደክሟት ሆቴል በቀረችበት ቀን ግን ወንበሩም ቀረ። እንዲህ ነው።

ኩዌት ስንመለስ ወደ ማዕድ ቤቴ ገባሁ። ግን አንድ ነገር ውስጤ ተቀይሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዳለን፣ በዓመት 30 ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ እንዳለን ይናገራል። ይህን ከሮም በፊትም አውቀው ነበር፣ አፌን ግን አልከፍትም። በተመለስን በወሩ ባባና ማማ እራት ላይ እንዳሉ ገባሁና «ዓርብ ማረፍ እፈልጋለሁ፣ ሕጉም ይፈቅድልኛል» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማማ ሳቀች። ባባ አልሳቀም። ተከራክረን በወር ሁለት ዓርብ ሆነ። ሕጉ ከሚለው ያንሳል፣ አውቃለሁ። ግን ለአራት ዓመት ዜሮ ነበር። የተቀማጩንም ገንዘቤን ተቀብዬ አሁን በየወሩ ራሴ ነው የምልከው።

በዕረፍቴ ቀን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እንወጣለን። አንዳንዴ ገንዘብ አዋጥተን የጣሊያን ሬስቶራንት እንፈልጋለን። ያላችሁበት አገር ዱባይም ይሁን ቤይሩት፣ ሪያድም ይሁን ዶሃ፣ ያስተማሩኝ ምክር እዚያም ይሠራል። ሜኑው አጭር ይሁን። ካርቦናራው ውስጥ ክሬም ካለ፣ ፓስታው ላይ ዶሮ ካለ፣ ስሙ ጣሊያን ነው እንጂ ምግቡ የሌላ ነው። ቶሎ ከመጣ ቀድሞ የተቀቀለ ነው። ከተቻለ ደግሞ እዚያ የሚሠሩትን ልጆች ጠይቁ፣ «እናንተ ምን ትበላላችሁ?» በሏቸው። ሜኑ የማይነግራችሁን እነሱ ይነግሯችኋል።

ለምትጾሙ ደግሞ ይህን ያዙ። ደረቁ ፓስታ ስንዴና ውኃ ብቻ ነው፣ ትኩሱ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፣ ጠይቁ። ፒዛ ማሪናራ የምትባለው አይብ የላትም፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ናት። አራቢያታ ደግሞ ትርጉሟ «የተቆጣች» ማለት ነው፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ። አይብ ካልነሰነሱባት የጾም ናት። ቤት ውስጥ ስትሠሩት ፓስታው ሊበስል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውጥታችሁ ስጎው ውስጥ ጨርሱት፣ ከቀቀላችሁበት ውኃም አንድ ጭልፋ ጨምሩበት። የቅቅሉን ውኃ ሁሉ የምንደፋው በከንቱ ነበር።

አሁን እንግዳ ሲመጣ ካቾ ኤ ፔፔ እሠራለሁ። ባለፈው የማማ እህት መጥታ በልታ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» ብላ ማማን ጠየቀቻት። ማማ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤቱ በአገጯ አመለከተች። በስሜ አልጠራችኝም፣ ግን አመለከተች።

ለልጄ በስልክ ይሄን ስነግራት «እማ፣ ታዲያ አንቺ ቁጭ ብለሽ በላሽ?» አለችኝ። የዚያን ቀን ማዕድ ቤት ውስጥ ነው የበላሁት። ግን ወንበር ስቤ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሳህኔን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ነው። አሁን ቆሜ አልበላም።

እናንተስ እህቶቼ፣ ከሰዎቻችሁ ጋር ሌላ አገር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? የት ነው የምትቀመጡት? ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ያቺን እናት የምታውቋት ካላችሁ፣ ሮም ያላችሁ፣ «ያቺ የቄራ ልጅ ሰላም ብላሃለች» በሉልኝ፣ ይቅርታ፣ «ሰላም ብላዎታለች» በሉልኝ። ሁላችሁንም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። ቻው።